ኪኒን ያመጣብኝ ወተት

የነርቭ ወይም የጭንቀት ኪኒን የምትውጥ ሴት ይህን ካነበበች፣ ሌላው ሁሉ ቢረሳት አንድ ነገር ትያዝልኝ። የወር አበባዋ ከቀረ፣ ሳትወልድ ጡቷ ከረጠበ፣ ደስ ሳይላትም ሳትደነግጥም፣ የምትውጠውን ኪኒን በእጇ ይዛ ሐኪም ፊት ትቅረብ። ለእኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም። ባለመነገሬ ያጣሁትን ደግሞ የሚመልስልኝ የለም። አጻጻፏ ጨዋነት ይጎድለዋል የሚል ካለ አፉ ይበለኝ፤ ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ዓመታት አልፈውም አልበረደልኝም።

ስሜ ከድጃ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ባሌ ሰይድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ የአሰብ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ጅቡቲ ነው የሚመላለሰው። ሲሄድ ይሰነብታል፣ ሲመጣ ይተኛል። ከተጋባን ዓመታት አልፈው ልጅ አላገኘንም። እሱ ለስላሳ ሰው ነው፤ አንድም ቀን ክፉ አልተናገረኝም። እናቱ እማ ዘሀራ ግን ደሴ አጠገብ ገራዶ ቁጭ ብለው በመጣው በሄደው ሰው ይልኩብኝ ነበር። "ልጄ ጎማ ሲያሽከረክር ዘሩ ሊቀር ነው እንዴ?" ይላሉ። ደጋን ከተማ የአንድ ወዳጃቸውን ልጅ ለሰይድ አይተው እንደነበርም አውቃለሁ። ሁለተኛ ሚስት ማግባት በእኛ ዘንድ ነውር አይደለም። ለእኔ ግን ሞት ነበር፤ እወደው ነበራ!

በሽታው የጀመረኝ በጠራራ ፀሐይ ገበያ መሃል ነው። ክርና ቁልፍ ልገዛ ወጥቼ፣ ከነጋዴው ጋር በዋጋ እየተከራከርኩ፣ ልቤ ድንገት ዘለለ። ዝም ብሎ መዝለል አይደለም፤ ደረቴን ከውስጥ ይደበድበው ጀመር። እጄ ደነዘዘ፣ ትንፋሼ አጠረ፣ ዐይኔ ጨለመ። ሞትኩ ብዬ ሸሃዳዬን ያዝኩ። ሰው ደግፎ አስቀመጠኝ፣ ውሃ ረጨብኝ፣ ትንሽ ቆይቼ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሳሁ። "ፀሐዩ ነው" አሉኝ። የኮምቦልቻ ፀሐይ ዛሬ አዲስ ሆነብኝ እንዴ! ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ መጣ፤ ከዚያ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከዚያ እቤቴ ጋደም ባልኩበት። በኋላማ ባይመጣ እንኳ ይመጣል ብዬ ስጠብቀው እውል ነበር። ሲመሽ ሰይድ መንገድ ላይ ነው፣ እኔ ብቻዬን ነኝ፣ እንቅልፍ ሳይሆን ሞት የሚጠራኝ ይመስለኛል። እጄ እየተንቀጠቀጠ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተኝ። ልብስ ሰፊ ክር ማስገባት ካቃታት ምን ቀራት?

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ደሜን ቀድተው "ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ" አሉኝ። በዚያን ጊዜ ራሱን ያመመውም እግሩን የተሰበረውም ታይፎይድ ነበረበት። የሰጡኝን ጨርሼ ዋጥኩ፤ ልቤ እንደሆነ ያው ነው። ሌላ ቦታ "ጨጓራ ነው፣ በርበሬ ተይ" አሉኝ፤ ተውኩ። ሌላ ቦታ ደግሞ ልቤን አዳምጦ "ያንቺ ልብ የፈረስ ልብ ነው!" ብሎ ሳቀብኝ። አግዳሚ ወንበር ላይ ላቡ እየፈሰሰ፣ አሁን ወደቅሁ አሁን ወደቅሁ እያለ ግማሽ ቀን ቢጠብቅ ኖሮ አይስቅም ነበር። እማ ዘሀራ በበኩላቸው "ጅን ነው" ብለው ላኩ፤ ሸኽ ዘንድ ሄጄ ቁርዓን ተቀራብኝ። ሸኹ ግን አስተዋይ ሰው ነበሩ። ቁርዓኑን ቀርተው ሲያበቁ "ልጄ፣ ዱዓውንም ያዢ፣ ሐኪሙንም አትልቀቂ" አሉኝ። እስከዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ ሰው የሚመስል ቃል ይኸው ነበር።

በመጨረሻ እዚያው ኮምቦልቻ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ሰውየው ገና ተናግሬ ሳልጨርስ "ነርቭ ነው" አለና ኪኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ።

"እስከ መቼ ነው የምውጠው?" አልኩት።

"አታቋርጪ። ሲያልቅ ነይ።"

ይኸው ነው። ሕመሜ የጭንቀት ሕመም እንደሚባል፣ የልብም የጅንም እንዳልሆነ፣ ስንቱን ሰው እንደሚይዝ እንኳ የሰማሁት ብዙ ተንገላትቼ ነው። እውነቱን መናገር ካለብኝ ግን ኪኒኑ ሠራ። ልቤ አደብ ገዛ። እንቅልፍ ተኛሁ፣ ክሬንም አስገባሁ። ሰውየውን ሄጄ መርቄዋለሁ! የሚመለስ ነገር ቢሆን ያንን ምርቃት ዛሬ አስመልሰው ነበር።

ከዚያ የወር አበባዬ ቀረ። አንዱ ወር አለፈ፣ ሌላው አለፈ፤ እኔም ዝም አልኩ። ልጅ ያጣች ሴት እንዲህ ያለውን ነገር ለራሷም ጮክ ብላ አትነግረውም። ፊቴ ሞላ፣ ሆዴም ሞላ፤ ኪኒኑ የምግብ ፍላጎቴን ከፍቶት ስለነበር ያገኘሁትን እበላለሁ። አንድ ቀን ጠዋት የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ፣ ቀሚሴ ደረቱ ላይ ቀዘቀዘኝ። ውሃ የፈሰሰብኝ መስሎኝ ዙሪያዬን አየሁ፤ የፈሰሰ ነገር የለም። ገላልጬ ጫን ሳደርገው ነጭ ነው። ወተት!

አስካለን ጠራኋት። አስካለ በአንድ ግቢ የምንኖር፣ በማርያም የምትምል፣ ከእህት የማትተናነስ ጎረቤቴ ናት። አየችና አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

"በማርያም! ከድጃ፣ አርግዘሻል!"

"ዝም በይ አንቺ!" አልኳት። እያለቀስኩ እስቃለሁ።

"ምን ዝም እላለሁ? ወተት እኮ ነው!"

"ወተት ከልጅ ቀድሞ ይመጣል እንዴ?"

"ለአንዳንዷ ይመጣል። እህቴ ሳትወልድ ቀድማ ልብሷ ይረጥብ ነበር።"

እንደማትዋሸኝ የማውቃት ሰው ናት፤ እውነትም እንዲህ የሚሆንባት ሴት አለች። ታዲያ ምን ብዬ ልጠርጥር?

"ለምን አልተመረመርሽም?" ይለኛል ታሪኬን የሚሰማ ሁሉ። አገራችንን የማያውቅ ነው እንዲህ የሚለኝ። ዓመታት ያልወለደች ሴት ሆድ ሲይዝላት አይወራም፣ ወሩ አይቆጠርም፣ ሽንት በብልቃጥ ይዞ ወረፋ መሃል አይቆምም። ዐይን ይገባዋል። እማ ዘሀራ ወሬው እንደደረሳቸው፣ አስካለ ዝም ማለት የት ታውቃለች፣ ቅቤና ማራቸውን፣ መስገጃቸውንም ይዘው ከገራዶ ወረዱ። እቤቴ ገብተው ሳይቀመጡ የተናገሩት ይህን ነው፦

"ሽንትሽን ለማንም እንዳትሰጪ። አላህ የሸፈነውን አንቺ አትግለጪው።"

ለመጀመሪያ ጊዜ "ልጄ" አሉኝ። የደጋኗ ልጅ ነገርም ቀረ፤ ስሟ በቤታችን አልተነሳም። ከባድ ነገር አታንሺ፣ ፀሐይ አይምታሽ፣ እግርሽን ዘርጊ፤ በዚያ ዓመት እንደተቀበልኩት ያለ ክብር ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አላየሁም። ኪኒኔንም እሳቸው ነበሩ የሚሰጡኝ። "ነፍሰ ጡር ከደነገጠች ልጁም ይደነግጣል" ይሉና ጠዋት ጠዋት ውሃውን በብርጭቆ፣ ኪኒኑን በመዳፋቸው ይዘው ይመጣሉ። "ቢስሚላህ በይና ዋጪ።" እኔም ቢስሚላህ ብዬ እውጣለሁ።

ሴቶቹ ተሰብስበው የፋጡማ ዱዓ አደረጉልኝ። ይህ በእኛ አገር ወንድ የማይገባበት ዱዓ ነው፤ የነቢዩን ልጅ ፋጡማን እያወደሱ ነፍሰ ጡሯን በሰላም እንድትገላገል ይለምኑላታል፣ ገንፎውን በቅቤ አርገው ከአንድ ገበታ ይበላሉ። አስካለም መጥታ ከመካከላቸው ተቀምጣ "አሚን" ስትል ነበር። ሰይድ ከጅቡቲ ሲመለስ ለስላሳ የሕፃን ብርድ ልብስ ይዞ መጣ። ሆዴ ላይ እጁን አስቀምጦ አለቀሰ። "ይንቀሳቀሳል?" አለኝ። አንዳንዴ የሆነ ነገር ሲላወስ ይሰማኝ ነበር። ጋዝ ይሁን ምኞት አላህ ይወቀው። "አዎ" አልኩት፤ አምኜ ነው ያልኩት።

ሆዴ ግን ከዚያ በላይ አልገፋ አለ። ወሩ ገፋ፣ ሆዴ ቆመ። ወተቱ ብቻ ይፈሳል። እማ ዘሀራ "የአባቱም ዘር ዘግይቶ ነው የሚወለደው" ይላሉ። እኔን ግን ያ የድሮ ፍርሃት ተመልሶ ይነካካኝ ጀመር። አስካለ "ልጁ ደህና መሆኑን ብቻ እንይ፣ ደሴ ማን ያውቀናል?" ብላ ለመነቻቸውና ፈቀዱ።

በሚኒባስ ሐረጎን ወጣን። ዓይኔን ጨፍኜ የአስካለን እጅ ጨብጬ ነው የወጣሁት፤ ያ ጠመዝማዛ ዳገት ደህናውንም ሰው ያስጨንቃል። ደሴ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሆስፒታሉ ደጅ ላይ ያለው አግዳሚ ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። ካርድ የሚያወጣው መስኮት ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፈታል። ከጎኔ ያለች ሴት ሕፃኗ ሲያለቅስ የእኔ ወተት ፈሰሰ። የፊት ቀሚሴ በሙሉ ራሰ። ሰው ያየኛል፤ ልጅ አልያዝኩም፣ ወተት ይፈሰኛል። አፈር በሆንኩ አልኩ! ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት ጎመንና ድንች ሊሸጡ ከደሴ ዙሪያ የመጡ የሚመስሉ እናት ነጠላቸውን አውልቀው አለበሱኝ። ምንም አልጠየቁኝም። ተራቸው ሲደርስ ነጠላውን ልመልስ ብዬ ሳወልቅ "ተይው፣ ስትወጪ" አሉና በዚያ ብርድ ባዶ ትከሻቸውን ገቡ። ወላሂ፣ በዚያ ዓመት ከሕክምና ቤት ያገኘሁት ሕክምና ያ ነጠላ ብቻ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ተቸኩሏል። ሽንቴን አስመረመረ፣ ሆዴን በአልትራሳውንድ አየ። በሩ ክፍት ነው፤ ወረፋው ሁሉ ይሰማል።

"ማነው እርጉዝ ነሽ ያለሽ? ባዶ ነው።"

"ወተቱስ?" አልኩት።

"የነርቭ መድኃኒት ትወስጃለሽ አላልሽም? አእምሮሽ ነው ያመጣው። ልጅ በጣም የሚመኝ ሰው እንዲህ ይሆናል። ወደሚያክምሽ ሰው ሂጂና መጠኑን ይጨምርልሽ።"

ምን ዓይነት መድኃኒት ነው አላለኝም። የነርቭ የሚለውን ሲሰማ ሥራውን ጨረሰ። ባሰብኩት ቁጥር የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ የደበቅኩት ነገር አልነበረም። ጠይቆ የሚሰማኝ ነው የታጣው።

ኮምቦልቻ ተመለስኩ። የክሊኒኩ ሰው የደሴውን ሐኪም ቃል ሲሰማ ኪኒኑን እጥፍ አደረገልኝ። ወተቱም እጥፍ ሆነ።

እቤት ግን የደሴው ሐኪም ቃል ቦታ አላገኘም። እማ ዘሀራ ጨርሶ አልደነገጡም። "መኪናቸው የት አይቶት! ልጁ ወደ ጀርባዋ ሸሽቶ ተኝቷል። ዐይን ሲበዛበት እንዲህ ያደርጋል" አሉ። ገራዶ ውስጥ ባሏ ከዘመቻ እስኪመለስ ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝቶ የጠበቃት ሴት ነበረች ብለው፣ ስሟን፣ የባሏን ስም፣ የልጁን ስም ጠሩ። "ልጁ ሞቶ ቢሆን ወተቱ ይደርቅ ነበር። ይኸው ጨመረ አይደል?" ለዚህ ማን ይመልሳል? ወተቱ በየቀኑ ይመሰክርላቸዋል። ሰይድም አመነ። እኔስ? ቀን ቀን አላምንም፤ ጡቴ ሲረጥብ ደግሞ አምናለሁ። በኪኒኑ ብዛት እግሬ አልረጋ ብሎኝ፣ ከንፈሬ እየተንቀጠቀጠ፣ ጀርባዬን በእጄ እየዳበስኩ እውል ነበር። ልጁን ፍለጋ።

ከዚህ ያወጣችኝ አስካለ ናት። አንድ ቀን ገብታ "ከድጃ፣ አንቺ እኮ ሰው መምሰል ትተሻል። ዘመዴን ያዳኑ ዶክተር ደሴ አሉ፤ ተነሺ" አለችኝ። ለእማ ዘሀራ ለራስ ምታቷ ነው ብላ ይዛኝ ወጣች።

ዶክተሯ ጠና ያሉ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴት ናቸው። ሁሉን ሰሙኝ። ከዚያ ማንም ያላለኝን አሉኝ።

"የምትውጪውን ኪኒን አሳዪኝ።"

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይህን ስትጀምሪ ወተት ሊያመጣ፣ የወር አበባ ሊያስቀር ይችላል ያለሽ ሰው አለ?"

"የለም።"

"ማንም?"

"ማንም።"

ከዚያ በቀስታ አስረዱኝ። ራስ ውስጥ ወተትን ይዞ የሚኖር ልጓም አለ አሉ። ይህ ኪኒን ጭንቀቱን ሲያበርድ ያንን ልጓምም ያላላዋል። ያን ጊዜ ፕሮላክቲን የሚባለው፣ የምታጠባ እናት ውስጥ የሚበዛው ሆርሞን ከልክ በላይ ይለቀቃል። ሰውነቴ የወለደ መሰለው፤ የምታጠባ ሴት የወር አበባዋ እንደሚዘገይ የእኔም ቀረ። "በሁሉ ሰው አይደርስም፤ ሁሉም የጭንቀት መድኃኒት አያደርገውም። ይኼኛው ግን ያደርጋል፤ መጠኑ ሲጨመር ደግሞ ይብሳል" አሉኝ። ራስ ውስጥ የምትበቅል ትንሽ ዕጢም እንዲህ ልታደርግ ስለምትችል፣ ኪኒኑ ተቀይሮ ወተቱ ካልደረቀ አዲስ አበባ ሄጄ ራሴን በመሣሪያ መነሳት እንደሚኖርብኝ ነገሩኝ። የደም ምርመራውም ያን ጊዜ ደሴ ስለሌለ ወደዚያው ተላከ፤ ለእሱ የጆሮ ወርቄን ሸጥኩ፤ በኋላ ውጤቱም እንዳሉት ከፍ ብሎ መጣ።

"ስለዚህ ልጅ የለም?" አልኳቸው።

"የለም፣ ልጄ። አልነበረም።"

አለቀስኩ። በሩ ተንኳኳ፤ "ይጠብቁ!" ብለው ጮኹና እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ የተናገሩት ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ።

"መውለድ ትችይ ይሆናል። ግን ይህ ሆርሞን እንዲህ ከፍ ብሎ ሳለ አታረግዢም። ያረገዝሽ ያስመሰለሽ ኪኒን፣ እንዳታረግዢ የያዘሽም እሱ ነው።"

የድሮውን በአንዴ እንዳልተወው አስጠነቀቁኝ። ባሌ ሾፌር መሆኑን ነግሬያቸው ስለነበር "ሐረጎን በነፃ ማርሽ ትወርጃለሽ? በማርሽ ነው የሚወረደው። ይህም እንደዚያው ነው" አሉኝ። የድሮውን ቀስ በቀስ እየቀነስኩ፣ ልጓሙን የማይነካውን ሌላ ኪኒን እንድጀምር አዘዙልኝ።

እቤት ስገባ ሰይድ ከመንገድ ተመልሶ ምሳ እየበላ ነበር። እናቱም አሉ። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። እማ ዘሀራ አዲሱን ኪኒን ገና ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ።

"ወተቱን ሊያደርቅ ነው አይደል?"

"አዎ።"

"ወተቱን የሚያደርቅ ልጁን ይገድላል። አንድ ፍሬ አትውጪም!"

"እማ፣ ልጅ የለም ብለውኛል።"

"እነሱ የሠሩት ይመስል! አላህ ያስቀመጠውን እነሱ የለም ሲሉት ይጠፋል?"

ሰይድን አየሁት። "አንተ ተናገር እንጂ።"

እጁን ታጠበ። መልስ ሲያጣ እጁን መታጠብ ያበዛል። "ከድጃ፣ እስቲ ትንሽ እንጠብቅ። ረመዳን ይግባና..."

"ምኑን ነው የምንጠብቀው?"

"ምናልባት..." አለ።

ያን ጊዜ ነው አማት አማት ነው ብዬ ይዤው የኖርኩት ሁሉ የገነፈለው። "ልጁን በእጅዎ ያጎረሱኝ አንቱ ነዎት! በየጠዋቱ፣ በቢስሚላህ! ሌላ ልጅ የለም፤ የጠበቅነው ልጅ ያ ኪኒን ነው!"

ክፉ ቃል መሆኑን አውቃለሁ፤ እሳቸውም አላወቁ እኔም አላወቅኩ። ግን ወጣ። እማ ዘሀራ ቀስ ብለው ተነሱ።

"እንግዲያው ስሚ። ዋጪውና ልጄ ከደጋን ያገባል። የልጅ ልጄን ገድላ ከልጄ ጋር የምትኖር ሴት የለችም።"

ሰይድ ዐይኑን ከወለሉ አላነሳም። "እማዬ፣ ተይ" ቢል ይበቃኝ ነበር። ያንን ብቻ ነበር የጠበቅኩት። ውሃ የሚያቀብለኝ አልነበረም፤ በምራቄ ዋጥኩት።

ሳምንታት አለፉ። ወተቱ እያነሰ ሄዶ ደረቀ። የከንፈሬ መንቀጥቀጥ ቆመ። ከዚያ አንድ ቀን ደሜ መጣ። እንደ ልጅነቴ ደነገጥኩ፣ ከዚያ ደስ አለኝ፣ ከዚያ ወደ አስካለ ሮጬ ነገርኳት፤ እልል ልትል ስትል አፏን ያዝኩት። ግን እማ ዘሀራ ልብሴን ሳጥብ አዩ። ጩኸታቸው ግቢውን ሞላው። "ወረደ! ልጄ ወረደ!"

ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ተቀመጥን። ትክክል አንብባችኋል፤ ለቅሶ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ የፋጡማ ዱዓ ያደረጉልኝ ሴቶች በሙሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። "አላህ ይተካልሽ" ይሉኛል፣ ግንባሬን ይስሙኛል። "የሞተ የለም፤ የወር አበባዬ ነው የመጣው" አልኩ። አንዷ ለሌላዋ "ተያት፣ ሐዘን ያናግራል" አለቻት። በመስኮቱ ሳይ ሰይድ ደጅ ከወንዶቹ መሃል ተቀምጦ አጽናኝ ይቀበላል። የዶክተሯን ቃል አንድ በአንድ ነግሬዋለሁ፤ እሱም ገብቶታል፤ እኔን ያቆሰለኝ ይኼ ነው። ማታ "ለምን?" ስለው "እናቴን ምን ልበላት?" አለኝ።

ከደጋን አገባ። ራሱ መጥቶ እያለቀሰ ነገረኝ። ፍቺ ጠየቅኩት፣ ሰጠኝ። ብርድ ልብሱን ሻንጣው ውስጥ እኔ ራሴ አድርጌለታለሁ፤ ለሚጠቅመው ልጅ ይሁን ብዬ። ከዚያ በኋላ ሌላ ባል አላገባሁም። መውለድ እችል እንደነበር የማረጋግጥበት ቀን ሳይመጣ ጊዜው አለፈ።

ከሕመሙ ግን ድኛለሁ። አዲሱን ኪኒን እያየሁ እየጠየቅኩ ዋጥኩ፤ በኋላ በዶክተሯ ፈቃድ በማርሽ ወርጄ ተውኩት። ያ የልብ ድብደባ አሁንም አንዳንዴ ብቅ ይላል። ሲመጣ አውቀዋለሁ፤ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ቀስ አድርጌ አስወጣለሁ፣ "ሞት አይደለህም፣ ጭንቀት ነህ" እለዋለሁ፣ ይሄዳል። ክሬን ያለ መነጽር አስገባለሁ። ኪኒን ሁሉ ክፉ ነው የምል እንዳይመስላችሁ፤ ያዳነኝም ኪኒን ነው። በገዛ እጃችሁ አታቋርጡ። ግን ጠይቁ፤ ካልመለሱላችሁ ከወንበሩ አትነሱ።

የክሊኒኩን ሰው ሄጄ ጠይቄዋለሁ። "ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት። አልተቆጣም፣ አልካደም። "ብነግርሽ ፈርተሽ አትውጪም ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እፈራ ነበር። ግን ፍርሃቱ የእኔ ነበር፤ ጡቱም የእኔ፣ ማህፀኑም የእኔ፣ ባሉም የእኔ ነበር። ምን መብት አለህ ልለው ብዬ ከኋላዬ ወረፋ የያዘች ልጅ እግር ሴት አየሁ፤ በእጇ ያንኑ ወረቀት ይዛለች። እሱን ትቼ ወደ እሷ ዞርኩና በሰው ፊት ሁሉንም ነገርኳት። ሰውየው አስወጣኝ።

ባለፈው እማ ዘሀራን መናኸሪያ አገኘኋቸው። አርጅተዋል። ከደጋኗ የተወለደ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወደ ገራዶ መኪና እየጠበቁ ነው። ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ ምን ላድርግ፣ እናቴ ናቸው ብዬ የኖርኩ ሰው ናቸው። እሳቸውም ሳሙኝ። ቂም የለባቸውም፤ የከፋው ይኼ ነው፤ ይቅር ብለውኛል። ልጁን ወደ እኔ ገፋ አድርገው "ሳማት፣ የወንድምህ እናት ናት" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ተነፈሱ።

"ያ ቢኖር ይኼኔ ይህን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እሱ ነበር።"

አፌን ከፈትኩ። ፕሮላክቲን ልል፣ ልጓም ልል፣ የለም አልነበረም ልል ነበር። ሁሉን አውቀዋለሁ፣ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ግን መኪናቸው መጣ፤ ዕቃቸውን ጫንኩላቸው፣ ልጁን አቅፌ አስገባሁት። መኪናው ሲወጣ እዚያው ቆሜ፣ ያ ልጅ ዘንድሮ ስንተኛ ክፍል ይገባ ነበር እያልኩ በጣቴ ስቆጥር ራሴን አገኘሁት።